በሩን ማን ለካ?

ፖልዊዘን ትንሽ ናት፤ አንድ መንገድ ነው ያላት፣
ቁልቁል ተንደርድሮ ባሕር ላይ የሚጥላት።
የሳርዲን ፋብሪካው በሩ ከተዘጋ
ዐሥራ ዘጠኝ ክረምት፣ ዐሥራ ዘጠኝ በጋ።
የቀረው ሽታው ነው፤ እርጥብ ቀን ሲመጣ
ከግንቡ ስንጥቅ ውስጥ ለሽርሽር የሚወጣ።

በየዓመቱ ግን በሰኔ መባቻ
በጋ ገባ ብሎ፣ ለአንዲት ቀን ብቻ
(ሰኔን በጋ ማለት ምላሴን ቢይዘውም
እዚያ ግን እንዲያ ነው፤ ማንም አይገርመውም)
ሰዉ ባሕር ይሆናል።
ፖስታ አዳይዋ ሎዌና ስምንት እጅ አውጥታ
ስድስቱን በካልሲ፣ በጥጥ ጠቅጥቃ ሞልታ
በተረፉት ሁለት ደብዳቤ ታድላለች፤
«ቅዳሜም ሥራ ነው» ትላለች።
ልጆች በጃንጥላ ላስቲክ አንጠልጥለው
ጄሊፊሽ ሆነዋል፣ እርስ በርስ ተጠላልፈው።
ባንዱ የሚያውቀው ዜማ በጠቅላላው ሁለት፤
አንዴ በሩጫ፣ አንዴ በእርጋታ፣ አራት የሚያስመስሉት።

ዘንድሮ ግን ሌላ። ዘንድሮ ዓሣ ነባሪ።
ሐሳቡ የኬረንዛ፣ የጡረተኛዋ ሥዕል አስተማሪ፤
ቦታው የዴንዚል ጀልባ ቤት፣
ጀልባዋ ከተሸጠች ወዲህ ንፋስ ብቻ የሚያድርበት።
ቁልፉን ሰጣቸውና፣ ምንም ሳይናገር፣
ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠ፣ መረብ ሲፈታ ሲቋጥር፣
ማንም የማይጥለውን መረብ።

አርባ ሌሊት ሠሩ።
አጥንቱን ከአኻያ፣ ቆዳውን ከጋዜጣ፣
ዓይኑን ከተጣለ የመኪና መብራት፣
ቀለሙን ሰማያዊ፣ በቅናሽ የተገዛ።
ዓሣ ፈገግ ይላል፣ አይልም በሚለው ላይ
ጥርስ ሐኪሙና ቄሱ ሦስት ምሽት ተከራከሩ።
አንድ ሌሊት ደግሞ፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣
የላላው የአኻያ ቋጠሮ
በዓሣ አጥማጅ ቋጠሮ ተተክቶ አደረ።
ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።
ዐሥራ አንድ ሜትር ሙሉ፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ፤
ለኩት በሜትር፣ በገመድ፣ በክንድ፣ በእርምጃ።

ቀኑ ደረሰና ሃያ ሰው ተሸክሞት
ወደ ደጅ ሲያመራ
በሩ እምቢ አለ።
«ዐሥሬ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» ሲሉ የኖሩት
ለካ በሩን ኖሯል!

ጭራው ይቆረጥ አለ ጃጎ፣ ቧንቧ ሠራተኛው።
ለሁለት እንክፈለው አለች ሌላዋ፤ ደጅ ላይ እንሰፋዋለን።
ባንዱ ያንኑ ዜማ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረ።
ኬረንዛ ዝም። መዳፏን ከጎኑ አላነሣችም፣
የታመመ ፈረስ እንደሚያባብል ሰው።

ዴንዚል ከባልዲው ተነሣ።
መጋዙን ከሚስማሩ አወረደ።
ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ አንዲት ጄሊፊሽ አለቀሰች።
እሱ ግን ዓሣውን አልፎ ሄደ፣ ጭራውንም፣ ሆዱንም፣
እስከ በሩ መቃን ድረስ፣
አያቱ የጀልባዎቻቸውን ስም በቢላ እስከጻፉበት፣
እናም መቃኑን ይገዘግዝ ጀመር።
«ጣሪያውን ደግፉ እንጂ» አለ። ሌላ አልተናገረም።

ወጣ።
ዓሣ ነባሪው ወጣ፣ በዚያች ጠባብ መንገድ
በረንዳ እየታከከ፣ የአበባ ማሰሮ እየጣለ፣
በአርባ የሰው እግር።
ድመት ከመስኮት አይታው
ልትሸሸው ይሁን ልትበላው ግራ ገባት።

መንገዱ ሲጋመስ ዝናቡ መጣ።
(እኔ አልገረመኝም፤ ሰኔ ሰኔ ነው።)
ሰማያዊው ይፈስ ጀመር፣ በክንድ፣ በብብት፣ በአንገት፤
ጋዜጣው ተላጠ፣ የአምና ወሬ ቁልቁል ወረደ፦
የጨረታ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ውሻ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሠርግ።
ከውኃው ጫፍ ሲደርሱ የቀረው አጥንት ብቻ ነበር።
ልጆቹ በጎድኖቹ መሃል ተሽሎክልከው ገቡ፣
ጄሊፊሹ፣ ሸርጣኑ፣ ያለቀሰችዋም፤
ሆዱ በጩኸት ሞላ።

ሰኞ ጠዋት የከተማው እጅ ሰማያዊ ነበር።
የጥርስ ሐኪሙ፣ የዳቦ ጋጋሪዋ፣ ቁርባን የያዘው የቄሱ።
ዴንዚል ወተት ሊገዛ
በሰማያዊ ጣት ሳንቲም ሲቆጥር
ባለሱቋ ጠየቀችው፦
«በሩን መቼ ልታሠራው ነው? ነፋስ እኮ ቤትህን ወረሰው።»
ወተቱን ብብቱ ሥር ሸጎጠ።
«የከርሞው» አለ፣ «ስንት ሜትር ነው?»